ልጅ ይዞ ሞያሌን መሻገር እብደት አይደለም

ባለፈው ሳምንት በአንድ የኤፍኤም ጣቢያ የጠዋት ፕሮግራም ላይ የሰማሁት ምክር እስካሁን ያንገበግበኛል። ወሬው ስለ ክረምት ዕረፍት ነበር። ከጅማ የደወለ አንድ አባወራ ቤተሰቡን በሚኒባስ ይዞ በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ድረስ ለመሄድ ማሰቡን ተናገረና ምን ትመክሩኛላችሁ አለ። የቤተሰብ አማካሪ ተብለው የተጋበዙት እንግዳ ለአፍታ እንኳ አላሰቡም። እብደት ነው አሉት። መንገዱ ላይ ምንም የለም፣ ልጆቹም ተጎሳቁለው ይመለሳሉ እንጂ ምንም አይማሩም፣ የሚችል በአውሮፕላን ይሂድ የማይችል ቤቱ ይቀመጥ አሉና ወደ ሌላ ደዋይ አለፉ። ሰውየው እሺ ብሎ ስልኩን ዘጋ። ቅስሙ እንደተሰበረ ድምፁ ያስታውቅ ነበር።

ያ ሰው ይህን ካነበበ ልንገረው። ሂድ፣ ወንድሜ። አትስማቸው።

እኔና ባለቤቴ ልጆቻችንንና አማቴን በአባዱላ ይዘን ያንን መንገድ ሄደንበታል። ስለዚህ ከወሬ አይደለም የምናገረው።

መንገዱ ላይ ምንም የለም ማለት ምን ማለት ነው? የቱ መንገድ ላይ? ከጅማ ተነስተህ በጭዳ በኩል ስትወርድ ጎጀብን ትሻገራለህ፣ የዳውሮን ተራሮች ታቋርጣለህ፣ ከኦሞ ማዶ ወላይታ ሶዶ ትወጣለህ። አርባ ምንጭ ላይ አባያና ጫሞን ጎን ለጎን ታያለህ። ኮንሶ ስትደርስ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እርከን ነው፣ ተራራው ከግርጌ እስከ አናቱ በድንጋይ የተካበ። ከያቤሎ ወዲያ ቦረና ነው። ዱብሉቅ አካባቢ የቱላ ጉድጓዶች አሉ፤ ወጣቶች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው እየዘፈኑ ውሃውን እጅ በእጅ ያቀባብላሉ። ኤል ሶድ ላይ ጥቁር የጨው ሐይቅ እሳተ ገሞራ በቦረቦረው ጉድጓድ ውስጥ ተኝቷል። ድንበሩን ካለፍክ በኋላ፣ በረሃው መሀል፣ ማርሳቢት የሚባል ጫካ የለበሰ ተራራ ይመጣል። ናንዩኪ ላይ የምድር ወገብን ትረግጣለህ፤ ከዚያው ሆነህ 5,199 ሜትር ከፍታ ያለውን የኬንያ ተራራ ታያለህ፣ ደመናው ከፈቀደ። ይህን ሁሉ ምንም የሚል ሰው አላየውም ማለት ነው። ያላየ ሰው ደግሞ በሬዲዮ ቁጭ ብሎ ለሚያስብ አባት ባይመክር ጥሩ ነበር።

ምንም አይማሩም ለሚለውም መልስ አለኝ። ማርሳቢት ላይ አህመድ የሚባል ዝሆን ነበር፣ ጥርሱ መሬት ሊነካ የደረሰ። የያኔው የኬንያ ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ አዳኞች እንዳይገድሉት በልዩ ትእዛዝ አስጠብቀውት ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ሞተ። ልጆቼ ይህን የሰሙት ተራራው ሥር ነው። ኋላ ናይሮቢ ሙዚየም ግቢ የቆመውን የአህመድን ምስል ሲያዩ ትንሿ ልጄ አጠገቧ ለቆሙ ለማታውቃቸው ልጆች ዝሆኑ የኖረበትን ተራራ በእጇ እየሳለች ታስረዳ ነበር። ከመጽሐፍ ብታነበው በማግስቱ ትረሳው ነበር።

ግን እኔን ከሁሉም በላይ ያናደደኝ ሌላ ነው። ጥያቄው የመጣው ከጅማ ነው። ከጅማ የሚነሳ ልጅ እኮ ቤቱ አማርኛ ቢያወራም ሰፈሩ፣ ሂርማታ ገበያው፣ የትምህርት ቤት ጓደኛው ኦሮምኛ ነው። ያ ቋንቋ ደግሞ ሞያሌ ላይ አያልቅም። ያቤሎን፣ ሜጋን፣ ሞያሌን አልፎ ማርሳቢት ይገባል፣ እስከ ኬንያዋ ከተማ ኢሲኦሎ ይዘልቃል። ቦረናው ይናገረዋል፣ ገብራው ይናገረዋል። ዘዬው ይለያል፣ መግባባቱ ግን አያቅትም። ማለትም የጅማ ልጅ ወደ ውጭ አገር ሄዶ፣ ባዕድ ምድር ገብቶ፣ በሰፈሩ ቋንቋ ሻይ አዝዞ መጠጣት ይችላል። ይህን ዕድል ያገኘ ስንት ልጅ አለ?

ማርሳቢት ከተማ አንዲት ትንሽ ሻይ ቤት ገባን። ልጆቹ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚያዝዙ ይማከራሉ። አማቴ የተማሪ ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም፤ እንግሊዝኛም ስዋሂሊም አይሰሙም። ገና ሳይቀመጡ የሻይ ቤቱን ባለቤት በኦሮምኛ ሰላም አሏት። ሴትየዋ የያዘችውን ፔርሙስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ከየት ናችሁ አለች። ከጅማ ሲሏት እጃቸውን ይዛ አልለቅ አለች። ወተት የበዛበት ሻይ ቀረበ። ከዚያ ጨዋታው ስለ ከብት ሆነ፣ ስለ ዝናብ ሆነ። አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ የቀረ ጊዜ ከብታቸው እንዴት እንዳለቀ ነገረቻቸው። ትልቁ ልጄ ስለ ቦረና ድርቅ በቴሌቪዥን ሰምቷል። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ያው ድርቅ ነው ወይ አለኝ። ያው ነው፣ አልኩት። አያቱ ከመሀላችን ብቸኛዋ አስተርጓሚ ነበሩ ማለት ይቻላል፣ እኛ ቶሎ ያልገባንን ዘዬ እየፈቱልን። እኚህን አሮጊት እስከዚያ ቀን ልጆቼ እንደ ያልተማሩ ነበር የሚያዩዋቸው። ከዚያ ወዲህ ጥያቄ ሲኖራቸው ወደ እሳቸው ነው የሚሄዱት።

በአውሮፕላን የሄደ ልጅ ይህን ከየት ያገኘዋል? ከቦሌ ተነስቶ በሁለት ሰዓት ገደማ ናይሮቢ ያርፋል። መሀል ያለው ሕዝብ ለእሱ የለም። ያ ልጅ ኬንያን አላየም፤ አየር ማረፊያና ሆቴል ነው ያየው። እኔ እንዲያውም ከዚህም አልፌ እላለሁ፦ ጎረቤት ከጎረቤት የማይተዋወቀው ባለሥልጣኑም ባለገንዘቡም ሁልጊዜ ከላይ ስለሚያልፍ ነው። ጅማ እኮ የመንገድ አገር ናት። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ሲገዙ ሂርማታ የሲራራ ነጋዴ መናኸሪያ ነበረች። በእግርና በበቅሎ ወራት ተጉዞ የሚነግድ ሰው የኖረበት ከተማ ልጅ ዛሬ መኪና ይዞ መንገድ ይፈራ ይባላል?

ልጆቹ ከትምህርት ይቀራሉ የሚል ካለም አያስኬድም። ክረምት ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ደግሞም ጅማ ዝናብ ሲያዘንብብን ሰሜን ኬንያ ደረቅ ነው፤ የእነሱ ዝናብ በበልግና በጥቅምት አካባቢ ነው የሚመጣው።

አንድ ነገር እቀበላለሁ፣ ጸጥታ። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ አትሂድ፣ ቀድመህ ጠይቅ፣ ሌሊት አትንዳ። ይህ ግን አዲስ አበባ ለመሄድም የሚደረግ ጥንቃቄ ነው፤ ስለዚህ የሞያሌ መስመር ብቻውን ተለይቶ የሚፈራበት ምክንያት የለም። እንግዳው የሚያወሩት የድሮውን መንገድ ይመስለኛል፣ መኪኖች በእጀባ ተሰልፈው በአቧራ የሚያልፉበትን። አሁን ከሞያሌ እስከ ኢሲኦሎ ያለው ወደ 500 ኪሎ ሜትር አስፋልት ነው።

ስለ መንዳቱ ከተነሳ የሚጠቅመውን ልናገር። ኬንያ ግራ ይዘው ነው የሚነዱት። የእኛ መኪና መሪው በግራ ስለሆነ ከባድ መኪና ለመቅደም ስትፈልግ ሾፌሩ ከፊት የሚመጣውን አያይም። ገቢና የተቀመጠው ሰው ነው የሚያየው። እኔ «ቆይ፣ ቆይ… አሁን» እያልኩ ነው ናይሮቢ የገባነው፤ ከኋላ ልጆቹ በየመታጠፊያው «አባዬ፣ ግራ!» ይጮኻሉ። ገቢና የሚያንቀላፋ ሰው አታስቀምጥ።

ወደ መጨረሻው አባባል ልምጣ፣ የማይችል ቤቱ ይቀመጥ። ይህ ንግግር ያማል። የስድስት ሰው የአውሮፕላን ትኬት የመምህር ደመወዝ የሚችለው አይደለም። አንድ አባዱላ ነዳጅ ግን ስድስቱንም ይዞ ይሄዳል፣ ከጩኮውና ከዳቦ ቆሎው፣ ከጀበናው ጋር። እንግዳው በአንድ ዓረፍተ ነገር የአገሩን አብዛኛውን ቤተሰብ ከድንበር ወዲህ ቆለፉበት።

አማካሪ ከሆኑ የሚመከረውን ይምከሩ። ኢትዮጵያዊ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም ይበሉ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ለልጆቹም ያዝ፣ ከኢንሹራንስህ የኮሜሳን ቢጫ ካርድ፣ ማለትም ድንበር ተሻጋሪውን የመኪና መድን፣ አውጣ፣ ሊብሬው በስምህ ካልሆነ የባለንብረቱን ውክልና ያዝ፣ ለመኪናው ጊዜያዊ መውጫ ከጉምሩክ ቀድመህ ጠይቅ፣ ስኮርታ ጎማና ክሪክ ሳታይ አትነሳ ይበሉ። ሞያሌ ላይ የሁለቱ አገሮች መሪዎች በ2013 ዓ.ም. የመረቁት የጋራ የድንበር ጣቢያ አለ፤ የመውጫውም የመግቢያውም ማህተም አንድ ቦታ ነው የሚመታው ይበሉ። ደዋዩ የፈለገው ይህን ነበር። ይህን ማወቅ ካልቻሉም ጣቢያው በሚቀጥለው ሳምንት የሞያሌን መስመር የሚሠራ አንድ ሾፌር ይጋብዝ፣ ያንንም አባት መልሶ ይደውልለት።