ፊትና ጀርባውን

ባለፈው ሰኞ አጎቴ ከደምቢያ መጡ። ጊዜው ሰኔ ነው። ገበሬ በሰኔ ከተማ የሚወጣው ወይ ሰው ሲሞትበት ነው፣ ወይ መሥሪያ ቤት ሲጠራው። ሰው አልሞተም።

አዘዞ ጫፍ ላይ ከእናታቸው የወረሷት ቁራሽ እርሻ አለች። እሷን በስማቸው ሊያዛውሩ ነው። የጤፍ ማሳቸውን ደግመው ሳይሰልሱ፣ በሬዎቹን ለጎረቤት አደራ ብለው፣ በመጀመሪያው ሚኒባስ ከቆላድባ ተነሡ። የሄድንበትን መሥሪያ ቤት ስም አልጠራም። ጎንደር ውስጥ ነው፣ ደረጃው ጉልበት ይፈታል፤ ይበቃል።

ወረፋችን ደረሰ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ትሑት ናት፤ ይህን አልክድም።

"አባቴ፣ ፋይዳ አውጥተዋል?"

አጎቴ ኮራ አሉ። ጋቢያቸውን ገለጡ። ከጋቢው ሥር ኮት፣ ከኮቱ ኪስ ፌስታል፣ ከፌስታሉ መሀረብ፣ ከመሀረቡ ውስጥ ስልክ ወጣ። ልጃቸው የላከላቸው ስማርት ስልክ ነው። ከፍቼ ፋይዳውን፣ ዲጂታል መታወቂያቸውን፣ አሳየኋት። ፎቷቸው አለ። 12 አሃዙ ቁጥር አለ። ያቺ ጉንዳን የወረራት የምትመስል ካሬም አለች።

ልጅቷ ስልኩን አየት አደረገችና "በጣም ጥሩ። አሁን ፊትና ጀርባውን ኮፒ አድርጋችሁ አምጡ፤ ሁለት ሁለት" አለች።

አጎቴ ስልኩን ገለበጡት። ጀርባው ላይ የማርያም ሥዕል ተለጥፏል።

"ይቺንም?" አሉ።

እኔን ያናደደኝ እንግዲህ ይኸው ነው። ወረቀት ይቅር ተብሎ የመጣ መታወቂያ፣ ወረቀት ሆኖ ካልቀረበ አይታመንም። አዋጅ ወጥቶለታል፤ ቁጥር 1284/2015። ዐሥር ጣት፣ ሁለት ዓይንና አንድ ፊት ወስደው የሰጡን ነገር ነው። ያ ሁሉ ተደርጎ፣ አጎቴ አጎቴ መሆናቸውን የሚያጸድቀው ፒያሳ ያለው ኮፒ ቤት ነው።

ስለ ኮፒ ቤቱ ትንሽ ላውራ። (ስለ ጎንደር የሚጽፍ ሰው ግንቡን ካልጠራ አይሆንም ይባላል። ይኸው ጠራሁት።) ጣሊያን ሠርቷቸው ከሄዱት ቤቶች ባንዱ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። በሯ ላይ "ፎቶ ኮፒ፣ ጽሕፈት፣ ላሚኔሽን፣ የፋይዳ ፕሪንት፣ የሞባይል ካርድ፣ የተፈጨ በርበሬ" ይላል። ልጁ የከተማውን ቢሮዎች ጠባይ በቃሉ ያውቃል። "ለማን ነው?" ይልሃል። ስትነግረው "እነሱ ባለቀለም አይወዱም" ወይም "ሁለት ቢሉህም ሦስት አድርግ፣ አንዱን ይጥሉታል" ብሎ ይመክርሃል። መንግሥት በ2017 አገልግሎቱን ሁሉ ባንድ ጣሪያ ሥር ልሰብስብ ብሎ "መሶብ"ን አዲስ አበባ ላይ ከፈተ። ጥሩ ነገር ነው። ይህ ልጅ ግን ቀድሞ ከፍቶታል፤ ያልታወቀለት ሪባን የቆረጠለት ሰው ስለሌለ ነው።

እንደደረስን መብራት ሄደ። ጄኔሬተር አለ፤ በጄኔሬተር ከሆነ ግን ዋጋው እጥፍ ነው። አጎቴ "እንጠብቅ" አሉ። ደጃፉ ላይ ያለች ዱካ ላይ ተቀመጡና ጣቶቻቸውን ማየት ጀመሩ።

ለምን እንደሚያዩአቸው አውቃለሁ። ለፋይዳ የተመዘገቡ ዕለት ማሽኑ ጣታቸውን አላነብም ብሎ ነበር። መዝጋቢው "ይጫኑት" ይላል፣ ይጫኑታል። "እንደገና" ይላል። በጋቢ ጠረጉ፣ እንቢ። ታጠቡ፣ እንቢ። በኋላ አንዲት ባልቴት ከጓዳዋ ቅባት አምጥታ አሸችላቸው፤ ከዐሥሩ ሰባቱ እሺ አሉ። ከልጅነት እስከ ሽበት እርፍ የጨበጠ እጅ ነው፤ መስመሩ ተፍቆ አልቋል። መዝጋቢው "አባቴ፣ ጣትዎ ላይ መስመር የለም እኮ" ቢላቸው፣ "መስመሩማ ማሳው ላይ ነው፤ ሂድና አንብበው" አሉት።

ከ2011 ጀምሮ በየክረምቱ "አረንጓዴ አሻራ" እየተባለ ተራራ ወጥተው ችግኝ ሲተክሉ የከረሙትም እነዚሁ ጣቶች ናቸው። አረንጓዴው አሻራቸው ሪፖርት ላይ ገብቷል። ያስቸገረው የራሳቸው ነው።

መብራቱ አልመጣም። ልጁ በርበሬ ሊመዝን ገባ።

አንድ የምወደው ተረት አለ። "ሰነፍ ገበሬ ይሞታል በሰኔ" ይላል። እናቴ ገበሬ አልነበረችም፣ እኔም አልነበርኩም፤ ሆኖም በየሰኔው ማለዳ የምትቀሰቅሰኝ በዚሁ ተረት ነበር። የፈተና ወር ነዋ! ሰኔ 30 ካርድ ይሰጣል። ያን ቀን የሞተ ተማሪ ብዙ ነው። ሲያድጉ ደግሞ ሰኔ 30 የበጀት መዝጊያ መሆኑን ያውቃሉ። በሰኔ ቢሮ ሂድና ኃላፊውን ጠይቅ። "ሥልጠና ላይ ናቸው" ትባላለህ። የሥልጠናው ርዕስ ምንድን ነው? ዲጂታል አገልግሎት አሰጣጥ። በጀቱ ከመዘጋቱ በፊት ማለቅ አለበት፤ ካላለቀ ለከርሞ ይቀነሳል። ስለዚህ ገበሬው በሬ ፈትቶ መጥቶ ደረጃ ላይ ይቀመጣል፣ ባለሙያው ደግሞ አዳራሽ ውስጥ ተገልጋይን እንዴት ሳያጉላላ እንደሚያስተናግድ ይማራል። ሻይ ቡና አለው። በሰኔ የሚሞተው ሰነፉ ብቻ መስሎኝ ነበር።

"ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025" የሚባለው ስትራቴጂ በ2012 ሲወጣ አንዳንዱ ሰው ቀኑ ይደርሳል ወይ ብሎ ይጨነቅ ነበር። እኔ አልተጨነቅሁም። በፈረንጅ አቆጣጠር ቢያልፍ በእኛ 2025 ገና ሌላ ሰባት ዓመት ይሰጠናል። ዐሥራ ሦስት ወር ያለን ሕዝቦች ነን፣ ምን ያስቸኩለናል?

ከመንግሥት ጽሕፈት ጋር የቆየ ቂምም አለኝ። ካነሣሁት ላይቀር ላውጣው። የአባቴ ስም "ኃይለ" ብሎ ነው የሚጀምረው። አንድ የቀበሌ ጸሐፊ በሃሌታው "ሀ" ጻፈው። ትምህርት ቤት በብዙኃኑ "ኃ" ብሏል። በእንግሊዝኛው ደግሞ አንዱ በዋይ፣ አንዱ በአይ። ሥራ ልቀጠር ስል "እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው" ተባልኩ። ፍርድ ቤት ሄጄ፣ ሦስት ምስክር ቆጥሬ፣ አባቴ አባቴ መሆኑን አስመሰከርኩ። አባቴ አጠገቤ ቆሞ ነበር። እሱን የጠየቀው የለም፤ ኮፒውን ነው የጠየቁት። ያ ጸሐፊ እስከ ዛሬ ይቅርታ አላለኝም። በዚያ ዘመን ቢያንስ ላጲስ ነበረ። ዛሬ የተሳሳተች ፊደል ይዘህ ስትሄድ "ሲስተሙ አይፈቅድም" ይሉሃል። ሲስተሙ ማን ነው? የት ነው የሚቀመጠው? ሽማግሌ ልልክበት እችላለሁ?

አጎቴን ቴክኖሎጂ ጠል አድርጌ ከሳልኳቸው ግን ኃጢአት ነው። 8028ን እንደ ዘመድ ነው የሚያዩት። ከ2006 ጀምሮ ያለው የገበሬዎች የነጻ መስመር ነው፤ ትደውላለህ፣ ቁጥር ትጫናለህ፣ ስለ ጤፍ ከሆነ ስለ ጤፍ፣ ስለ ማዳበሪያ ከሆነ ስለ ማዳበሪያ ይነግርሃል። አጎቴ ከእራት በኋላ ድምፁን ከፍ አድርገው ለቤተሰቡ ያሰማሉ። ሲጨርሱ "እግዜር ይስጥልኝ" ብለው ነው የሚዘጉት። የተቀዳ ድምፅ ነው ብላቸውም "እሱስ ቢሆን፣ አስተምሮኝ ዝም ልበለው?" ይላሉ። መከራከርም ይከራከራሉ። ጤፍን በመስመር ዝሩ የሚለውን ምክር ሰምተው "በብተና ከምትዘራው በጣም ያነሰ ዘር ይበቃሃል ማለቱ እውነቱን ነው። ግን ይህን ያለው ሰው ወገብ አለው?" ብለዋል። የጤፍ ዘር ባንድ ግራም ከ2500 አያንስም። ጎንበስ ብሎ ያየው ያውቀዋል።

"8028 ግን" አሉ ዱካዋ ላይ እንደተቀመጡ፣ ሲያስቡ ቆይተው፣ "አንድ ቀን ፊትና ጀርባህን አምጣ ብሎኝ አያውቅም።"

ደግሞ በልጅቷ ላይ ብቻ አልፈርድም። ከነሐሴ 2015 በኋላ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ስልኩ ሲደነዝዝ ወረቀቱ ግን ወረቀት ነው። የኮፒ ፍቅር ከየትም አልመጣም፤ ተቃጥለን ነው። ይህን ካልኩ በኋላም ንዴቴ አልበረደም።

መብራት መጣ። ልጁ ስልኩን አየ፣ ፊቱን አተመ፣ ጀርባውንም አተመ፤ የማርያምን ሥዕል አይደለም፣ የካርዱን። ሦስት ሦስት አደረገው። ደረጃውን እንደገና ወጣን። ለምሳ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሆኗል።

ልጅቷ ኮፒዎቹን ተቀበለች። ጠረጴዛው ላይ አነጠፈች፣ በመዳፏ ዳበሰቻቸው። ከዚያ የራሷን ስልክ አወጣች። ኮፒውን ፎቶ አነሣችው። ፊቱን፣ ከዚያ ጀርባውን።

"ምን ልታደርጊው ነው?" አልኳት።

"በቴሌግራም ለዋናው ክፍል ልልከው ነው። ሲስተም ሲመለስ እንደውልላችኋለን።"

አጎቴ እኔን አዩኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

በባጃጅ መናኸሪያ አደረስኳቸው። በደምቢያ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። "እዚያ ጥሎታል ማለት ነው" አሉና በሬዎቹን አስበው መሰለኝ ዝም አሉ። የተረፈውን አንድ አንድ ኮፒ ለሁለት አጥፈው ፌስታሉ ውስጥ፣ ከስልኩ ጋር፣ በመሀረብ ጠቀለሉት።

"ይጣል እንጂ፣ ምን ያደርግልዎታል?" ብላቸው፦

"ለከርሞ ይሆናል" አሉ።