ናፍታ ሁሉ ጎታች አይደለም
የመኪናን የቤንዚን ሞተር አውጥቶ በናፍታ ስለመቀየር የወጣው ጽሑፍ «የትኛውም የናፍታ ሞተር ከቤንዚኑ የበለጠ ተሳቢ ይጎትታል» ይላል፤ ይህ ሐሳብ ሰው ያከስራል። ላንድክሩዘር 80ን እንውሰድ። የቤንዚኑ ባለ 4.5 ሊትር ሞተር፣ 1ኤፍዜድ፣ ቶርኩ (የማዞር ጉልበቱ) ከ360 ኒውተን ሜትር በላይ ነው። እኛ አገር ሁሉም የሚወደው ባለ 4.2 ሊትሩ ናፍታ፣ 1ኤችዜድ፣ 285 ገደማ ብቻ። ቱርቦ (አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው መሣሪያ) የለውማ! ጠንካራ ነው፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ መለዋወጫውም አይጠፋም። ግን ተሳቢ አስረህ የዓባይ በረሃን ዳገት ስትወጣ ታዘግማለህ። «1ኤችዜዱ ላይ ቱርቦ ግጠምበት» የሚሉ አሉ፤ መግጠሙስ ይቻላል። ናፍታው በዝቶ ሙቀቱን የሚከታተል ከሌለ ግን ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይሰነጠቃል። ለመጎተት ከሆነ ከፋብሪካው ቱርቦ ይዞ የወጣውን 1ኤችዲ ፈልጉ። ጽሑፉ ጭራሽ ያላነሳው ደግሞ ፍሬኑን ነው። የፍሬን ሰርቮው (ፍሬን ስትረግጥ የሚያግዝህ ክፍል) ከቤንዚን ሞተር የሚያገኘውን ቫኪዩም (የመሳብ ኃይል) ከናፍታ አያገኝም፤ ቫኪዩም ፓምፕ የግድ ነው። ያለሱ ተሳቢ አስሮ ጎሐ ጽዮን ላይ ቁልቁል መውረድ... እግዜር ያውጣው! ሞተር ከተቀየረ ሊብሬ ላይ ያለው የሞተር ቁጥርም መስተካከል አለበት፣ አለዚያ ቦሎ ስታወጡ ጣጣው ብዙ ነው።