የጉዳት አበል ውዝፍ፦ ስሌቱ በጽሑፍ ይሰጥ

በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበት ወይም ሕመም ጸንቶበት መሥራት ያቃተው ሠራተኛ በተሰናበተ ማግስት አበል አይጀምርም። ሐኪሞች ቦርድ ፊት እስኪቀርብ፣ ማህደሩ እስኪሟላ፣ ውሳኔው ተጽፎ እስኪፈረም ወራት ይነጉዳሉ። በእነዚያ ወራት የቤት ኪራይ አይቆምም፤ መድኃኒቱም በዱቤ ይገዛል። ውሳኔው ሲመጣ ያለፈው ተጠራቅሞ ከመጀመሪያው ክፍያ ጋር አብሮ ይገባል። ባለመብቱ ባንክ ሄዶ የሚያየው ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ድምር ብቻ ነው። ከየትኛው ወር ጀምሮ እንደታሰበለት፣ በየትኛው ደመወዝ እንደተሰላ፣ ስንት ዓመት አገልግሎት እንደተያዘለት ድምሩ አይነግረውም።

የምንጠይቀው ቀላል ነገር ነው። በእያንዳንዱ የአበል ውሳኔ ደብዳቤ ላይ የውዝፉ ስሌት ይጻፍ፦ የመነሻ ወሩ፣ መሠረት የተደረገው ደመወዝ፣ የአገልግሎት ዘመኑ፣ መቶኛው፣ የወራቱ ብዛት፣ ተቀናሽ ካለም ከነምክንያቱ። ግማሽ ገጽ አይሞላም። ያ ግማሽ ገጽ ባለመኖሩ ምን ያህል ገንዘብ ሊጠፋ እንደሚችል ለማየት ግን ሒሳቡን መሥራት ይገባል።

የመንግሥት ሠራተኛ በአዋጅ ቁጥር 1267/2014፣ የግል ድርጅት ሠራተኛ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ይተዳደራል። ጉዳትን የሚመለከተው አበል በሁለቱም ዘንድ ሁለት መልክ አለው። ከሥራው ጋር ባልተያያዘ ምክንያት ጤናው ጎድሎ የተሰናበተና ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ የጤና ጉድለት ጡረታ አበል ያገኛል፤ ከዚያ በታች ያገለገለው በአንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ነው ያለው። በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት ከእንግዲህ መሥራት የማይችለው ደግሞ የጉዳት ጡረታ አበል ይከፈለዋል፤ መጠኑም ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት ያገኝ ከነበረው የወር ደመወዝ 47 በመቶ ነው። የመጀመሪያው የሚሰላው በሌላ መንገድ ነው፦ ለ10 ዓመት አገልግሎት የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታከላል።

አማካይ ደመወዙ 9,000 ብር የሆነ፣ 16 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ እንውሰድ። 30 በመቶው ላይ ስድስት ጊዜ 1.25 ሲታከል 37.5 በመቶ ይሆናል፤ የወር አበሉ 3,375 ብር ነው። በጥቅምት ተሰናብቶ ውሳኔው በሰኔ ቢመጣ አበሉ የሚታሰበው ከሥራ ከተሰናበተበት ቀጥሎ ካለው ወር ማለትም ከኅዳር ጀምሮ ነው። እስከ ሰኔ 8 ወር ስለሚሆን ውዝፉ 27,000 ብር ይደርሳል። አሁን ይኸው ሰው ማመልከቻውን ያስገባው በመጋቢት ነው እንበልና መነሻው በስህተት መጋቢት ተደርጎ ይያዝ። ወራቱ 4፣ ውዝፉም 13,500 ብር ይሆናል። ግማሹ ሄደ ማለት ነው። ደብዳቤው ላይ «ከኅዳር ጀምሮ» ወይም «ከመጋቢት ጀምሮ» የሚል አንድ ሐረግ ቢኖር ሰውየው ወዲያው ያውቀው ነበር።

እዚህ ላይ ከውጭ አገር በሚሰማ ወሬ የሚደናገሩ አሉ። በእንግሊዝ አገር «ፐርሰናል ኢንዲፔንደንስ ፔይመንት» የሚባለው የአካል ጉዳተኞች ድጋፍ የሚቆጠረው ጥያቄው ከተጀመረበት ቀን ነው፤ ዘግይቶ የጠየቀ ያለፈውን ያጣል። የእኛ የጡረታ አበል ግን ሠራተኛው ራሱ በየወሩ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ እያዋጡለት የተገኘ መብት ነው። መነሻውም ስንብቱ ነው።

መነሻ ወሩ ብቻ አይደለም የሚሳሳተው። የደመወዙ መሠረትም ብዙ ያስኬዳል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የታመመ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው፦ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ። ታሞ የሚሰናበት ሰው ታዲያ የመጨረሻ 6 ወሩ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚያልፈው። የፔሮል ሠራተኛው የ3 ዓመቱን አማካይ ሲያወጣ በእጅ የተከፈለውን ከደመረ፣ ከላይ ባለው ምሳሌ 324,000 ብር መሆን የነበረበት የ36 ወር ድምር በ36,000 ብር ቀንሶ 288,000 ይሆናል። አማካዩ 8,000፣ የወር አበሉ 3,000 ብር ይወጣል። 375 ብር በየወሩ፣ ዕድሜ ልክ። መሠረቱ ግብርና ሌላ ተቀናሽ ሳይነካው የሚያዘው መደበኛ የወር ደመወዝ እንጂ በሕመም ምክንያት ተቆራርጦ የተከፈለው አይደለም። ስለዚህ አሠሪው የሚሞላው የደመወዝ መግለጫ ወደ ጡረታ ቢሮ ከመሄዱ በፊት ሠራተኛው ኮፒውን አይቶ የመጨረሻዎቹ 6 ወራት በሙሉ መጠን መጻፋቸውን ማረጋገጥ አለበት።

በአገልግሎት ዘመን ላይ አንድ ዓመት ቢጎድልም እንዲሁ ነው። 16ቱ 15 ተደርጎ ቢያዝ መቶኛው 36.25፣ አበሉ 3,262 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። በ8 ወር ውዝፍ ላይ የሚጎድለው 900 ብር ብቻ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም፤ ጉድለቱ ግን በየዓመቱ 1,350 ብር እየሆነ ይቀጥላል። ውዝፉን መመርመር የሚጠቅመው ለዚህም ጭምር ነው። በድምሩ ውስጥ የተደበቀ ስህተት በወር አበሉም ውስጥ አለ።

በሐዋሳ ይህ ሁሉ ከሌላው ከተማ ይልቅ የሚወሳሰብባቸው ምክንያቶች አሉ። አንዱ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ነው። እዚያ ካሉት ፋብሪካዎች ብዙዎቹ የውጭ ኩባንያዎች እንደመሆናቸው ደብዳቤያቸው በእንግሊዝኛና በፈረንጆች ዘመን አቆጣጠር መጻፉ የተለመደ ነው። ለምሳሌ ማርች 5 ቀን 2024 የተጻፈ የስንብት ደብዳቤ በእኛ የካቲት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ አበሉ ከመጋቢት መጀመር አለበት። ማርችን በደፈናው መጋቢት ብሎ የሚተረጉም ሰው ግን መነሻውን ሚያዝያ ያደርገዋል። አንድ ወር እንዲሁ ቀረ። የፈረንጆቹ ወር ሁልጊዜ ቢያንስ ከእኛ ሁለት ወራት ጋር ይደራረባል፤ ቀኑ ካልታየ ወሩን ማወቅ አይቻልም። ባለመብቶች በበኩላቸው በሌላ አቅጣጫ ይሳሳታሉ፦ ከግንቦት እስከ ኅዳር ያለውን ጳጉሜን ጨምረው 8 ወር ብለው ይቆጥሩና ተበደልን ይላሉ። አበል በዓመት 12 ጊዜ ነው የሚከፈለው፤ ወራቱ 7 ናቸው።

ሁለተኛው ስም ነው። የቀበሌ መታወቂያው በሲዳምኛ በላቲን ፊደል፣ የፋብሪካው ፔሮል በእንግሊዝኛ፣ የጡረታው ምዝገባ በአማርኛ ሲሆን የአንድ ሰው የአባት ስም ሦስት ዓይነት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የባንክ ሒሳቡ ስም ከውሳኔው ስም ጋር ካልገጠመ ደግሞ የተፈቀደ ገንዘብም መንገድ ላይ ይቆማል። ይህን ቦርድ ከመቅረብ በፊት ማስተካከል ይቻላል። በቅጥር ጊዜ የተሞላውን የሕይወት ታሪክ ፎርም፣ መታወቂያውን፣ የባንክ ደብተሩንና የጡረታ መለያ ቁጥሩን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት፣ ልዩነት ካለ ከአሠሪው የአንድ ሰው ስም ስለመሆኑ ደብዳቤ ማጻፍ። ውሳኔው ከወጣ በኋላ ሲደረግ ግን የሚፈጀው ጊዜ ብዙ ነው።

ሦስተኛው የማህደር ጉዳይ ነው፤ ይህ የሚነካው የመንግሥት ሠራተኞችን ነው። ሐዋሳ የቀድሞው ደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረች። በ2015 ዓ.ም. ክልሉ ተከፋፍሎ አዳዲስ ክልሎች ሲደራጁ የቢሮ ሠራተኞች ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ወደ ሆሳዕናና ወደ ሌሎች ከተሞች ተመደቡ። ሰውና ማህደር አብረው መጓዛቸውን ግን እያንዳንዱ ሠራተኛ ራሱ ማረጋገጥ ይኖርበታል። ሐዋሳ ቤተሰቡ ጋር ሆኖ የሚታከም፣ የግል ማህደሩ ሌላ ከተማ ያለ ሰው የአገልግሎት ማስረጃ ለማሟላት ሲመላለስ የሚያልፈው ጊዜ በውዝፍነት ሊታሰብለት ይገባል፤ የመዝገብ መዘዋወር የሠራተኛው ጥፋት አይደለምና።

በሥራ ላይ ለተጎዳው ደግሞ በአሠሪው ክፍያና በጡረታው መካከል አንድ ስፌት አለ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው። አዋጅ 1156 አሠሪው ለተጎዳው ሠራተኛ በየጊዜው ክፍያ እንዲከፍል ያስገድዳል፦ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ በቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ በቀሪዎቹ 6 ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ። 6,000 ብር ደመወዝ ላለው 18,000፣ 13,500 እና 18,000፣ በድምሩ 49,500 ብር ነው። ይህ ክፍያ ቢበዛ በ12 ወር ይቆማል። ቦርዱም የጉዳቱን መጠን በተቻለ ፍጥነት በ12 ወር ውስጥ እንዲወስን ይጠበቃል። ሁለቱ ካልተገጣጠሙ ሠራተኛው ያለ አሠሪ ክፍያም ያለ አበልም ይቀራል።

ከዚህ የከፋው ስንብቱ በጽሑፍ ያልተሰጠው ነው። «ቤትህ ሁን፣ እንጠራሃለን» ተብሎ ያለ ደመወዝ በስም ብቻ መዝገብ ላይ የቆየ ሰው በወረቀት አሁንም ሠራተኛ ነው፤ የአበሉ መነሻ የስንብት ወር በመሆኑ እነዚያ ወራት በውዝፉ ውስጥ ሳይገቡ ሊቀሩ ይችላሉ። ቦርዱ መሥራት አይችልም ብሎ ከወሰነ በኋላ ሠራተኛው በዚያው ሳምንት የስንብት ደብዳቤ በጽሑፍ መጠየቅ አለበት። ደብዳቤው የቦርዱን ውሳኔ ቀንና ቁጥር፣ ደመወዝ የቆመበትን ቀንና የስንብቱን ምክንያት ይያዝ። «በራሱ ፈቃድ» የሚል ቃል ከገባበት እንዳይቀበል፤ ያ ቃል የአበሉን ዓይነት ያበላሻል።

ጊዜውም ዝም ብሎ አይጠብቅም። ሁለቱም የጡረታ አዋጆች ውዝፍ አበል የሚጠየቅበትን ጊዜ በይርጋ ይገድባሉ። በአሠሪው ላይ የሚቀርበው ጥያቄ ይርጋው ይበልጥ አጭር ነው፦ ለደመወዝና ለመሰል ክፍያዎች 6 ወር፣ ለሌሎች የሥራ ግንኙነት ጥያቄዎች በጠቅላላው 1 ዓመት። በየጊዜው የሚከፈለው የጉዳት ክፍያ ከተቋረጠ በ6 ወር ውስጥ መጠየቁ ይሻላል። በቃል የተጠየቀ ነገር መዝገብ ቤት አይገባም። ማመልከቻ በሁለት ኮፒ ይዘጋጅ፤ አንዱ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ተደርጎበት ይመለስ።

ስሌቱ በማይታወቅበት ቦታ ሁሉ መሃል ላይ የሚገባ ሰው ይኖራል። ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባዩ «ውዝፍህን አወጣልሃለሁ» ብሎ ከድምሩ ድርሻ ይዋዋላል፤ አንዳንዱም ውክልና ወስዶ ገንዘቡን ራሱ ይቀበላል። ባለመብቱ 27,000 እንደሚገባው ካላወቀ 15,000 ሲሰጠው ያመሰግናል። የጡረታ መብት የማይተላለፍና ለተራ ዕዳ የማይያዝ ነው፤ አበዳሪ በአበሉ ላይ መያዣ አለኝ ቢል ሕግ አይደግፈውም።

ቢሮዎቹ የሥራ ብዛትን ሊያነሱ ይችላሉ። የባለሙያዎቹን ጫና አናቃልልም። ይሁንና ድምሩን ያወጣ ሰው ስሌቱን ሳይሠራ ድምሩን ሊያገኝ አይችልም፤ ስሌቱ በማህደሩ ውስጥ አለ ማለት ነው። የሚጠየቀው ያንኑ ለባለቤቱ ማሳየት ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ እንዲመድብ ያዛል፤ አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ማኅበራዊ ጥበቃን መብት ያደርገዋል። ማየት ለተሳነው ባለመብት ስሌቱ ሊነበብለት፣ መስማት ለተሳነው በምልክት ቋንቋ ሊብራራለት ይገባል።

እስከዚያው ድረስ አንድ ድምር ብቻ የተከፈለው ሰው ለከፈለው ቢሮ አጭር ማመልከቻ ያስገባ፦ «የአበሌ መነሻ ወር፣ የተያዘልኝ አማካይ ደመወዝ፣ የአገልግሎት ዘመንና መቶኛ፣ የውዝፉ ወራት ብዛትና ተቀናሽ ካለ በዝርዝር በጽሑፍ ይገለጽልኝ» የምትል። መልሱ ካላጠገበው ጉዳዩን የሚያየው የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ነው፤ ይግባኙም የሚቀርብበት የተወሰነ ጊዜ ስላለው የውሳኔው ደብዳቤ የደረሰበትን ቀን በደብዳቤው ራስጌ ላይ ያኔውኑ መጻፍ ያስፈልጋል።