ጅብ ከሄደ በኋላ

ባለፈው እሁድ ለ37ኛ ጊዜ ሞትኩ። ገና ነፍሴ ሳትወጣ ከኋላዬ ድምፅ መጣ። «ወደ ግራ ብትል ኖሮ እኮ አትሞትም ነበር።»

የአክስቴ ልጅ ነው። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቆሎዬን ይቆረጥማል። ጆይስቲክ ነክቶ አያውቅም፤ ግራና ቀኙን ግን ከእኔ በላይ ያውቃል። የሚያበሽቀኝ ምክሩ ስህተት መሆኑ አይደለም። አንዳንዴ ልክ ነው። ግን አንድ ቀን እንኳ ከመሞቴ በፊት ተናግሮ አያውቅም።

ከተረቶቻችን ሁሉ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለውን የሚያህልብኝ የለም። ውሻው አልዋሸም፣ ጅብ ነበረ። መጮህም ሥራው ነው። የጠፋው ሰዓቱ ብቻ ነው። አህያዋ ግን ተበልታለች፤ በተረቱ ውስጥ ስሟም አልተነሳም። እኔ ሁልጊዜ የማስበው ስለ አህያዋ ነው። አዲስ ጫማ አድርጌ ስወጣ የሰፈሩ ልጆች «በስንት ገዛኸው?» ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። «ተበልተሃል!» ይላሉ በአንድ ድምፅ። እሷንም እንደዚሁ ሳይሏት አልቀሩም።

ከአራት ዓመት በፊት ፎቶ ኮፒ ቤት ከፍቼ ነበር። በሰባተኛው ወር ዘጋሁት። የዘጋሁ ቀን ያገኘኝ ሁሉ «ቦታው አይሆንም ብዬህ ነበር እኮ» አለኝ። ማንም አላለኝም! እዚያው ነበርኩ እኮ። ስከፍት መጥተው ፈንዲሻ በሉ፣ «ይቅናህ» አሉ፣ መታወቂያቸውን በነፃ ኮፒ አስደርገው ሄዱ። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ወደ ሞቴ ልመለስ። ጌሙ ሄዲስ ይባላል። ይህንኑ የግሪክ ቃል መጽሐፍ ቅዱሳችን ሲኦል ብሎ ነው የተረጎመው፤ ስለዚህ እሁድ እሁድ የት እንደምውል ለንስሐ አባቴ ማስረዳት ትንሽ ያስቸግራል። የሠራው ሱፐርጃያንት ጌምስ የሚባል የሳን ፍራንሲስኮ ትንሽ ቡድን ነው፤ ሙሉው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ሮግላይክ ከሚባሉት ወገን ነው። ስሙን የሰጣቸው የ1980ው ሮግ የሚባል ጌም ነው። ሕጉ አጭር ነው፤ ከሞትክ ከመጀመሪያው ትጀምራለህ፣ ክፍሎቹም ተቀያይረው ይጠብቁሃል። መንገዱን ሸምድደህ ማምለጥ የለም።

የምጫወተው ዛግሬየስን ሆኜ ነው፤ የሲኦሉ ገዢ ልጅ ነው። እናቱን ፍለጋ ከአባቱ ቤት ሊጠፋ ይሞክራል። ይገደላል። ከደም ገንዳ ውስጥ ወጥቶ እዚያው አባቱ አዳራሽ ብቅ ይላል። አባትየው ከወረቀቱ ቀና ሳይል ያሽሟጥጠዋል።

ይህን ለእናቴ ነገርኳት። ቡና ይዛ ስትገባ ነው የጠየቀችኝ።

«እናቴን ልይ ስላለ ነው የሚገድለው?»

«አዎ።»

«ዘመድ የላቸውም?»

«አላቸው። አጎቱ ዜውስ ነው።»

«ታዲያ ሽማግሌ አይልኩም?»

መልስ አልነበረኝም። ደግሞ እውነቷን ነው፤ ሦስት ደህና ሽማግሌ ጌሙን በአንድ ከሰዓት ይጨርሱት ነበር።

ኦሊምፐስ ተራራ ላይ ያሉት ዘመዶቹ፣ የግሪክ አማልክት፣ ግን እንደ ውጭ አገር ዘመድ ናቸው። አይመጡም፣ ይልካሉ። ዜውስ መብረቅ፣ ፖሲደን ማዕበል፣ ዳዮናይሰስ ስካር። ከስጦታው በፊት ሁሉም ንግግር ያደርጋሉ። አንዳንዴ የሁለት አማልክት ስጦታ እኩል ይቀርብልሃል። አንዱን ስታነሳ ሌላው ይቀየምና ክፍሉን በቁጣ ይሞላዋል። ከተረፍክ ታርቆ የራሱንም ይሰጥሃል።

ይህን ያሰበው ሰው ሁለት አክስቶች አሉት። እኔም አሉኝ። የዛሬ ስምንት ዓመት ፋሲካ ትልቋ ጋ ቀድሜ ገባሁ። ከዚያ ትንሿ ጋ ስሄድ ዶሮ ወጥ አቀረበችልኝ፤ እንቁላል የለውም። ከአጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ሳህን ላይ ሁለት አለ። እስከ ዛሬ «ረስቼው ነው» ትላለች። ዶሮ በሥነ ሥርዓት አሥራ ሁለት ብልት የምታወጣ ሴት፣ እንቁላል ትረሳለች? ዜውስ እንኳ ይታረቃል። ሶፋዬ ላይ ያለው ደግሞ የሷ ልጅ ነው።

በዜውስም ላይ ቂም አለኝ። የጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ ሆሜር እንደሚለው ትሮይ ከተማ ደጃፍ ላይ ሰው ሲያልቅ እሱ አማልክቱን አስከትሎ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ግብዣ ሄዶ ነበር። የሚመለሰው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። የግሪኮቹ ኢትዮጵያ የት ድረስ ነበረች የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ግብዣ ግን ግብዣ ነው። አሥራ ሁለት ቀን በልቶ፣ ዛሬ ለእኔ ሲሆን ክብሪት የምታህል ብልጭታ?

ትሮይ ላይ የተዋጋው የግሪኮች ጀግና አኪሊስም አለ። ጌሙ ውስጥ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ዛግሬየስን ውጊያ ያስተማረው እሱ ነው። እኔ ግን ሰላም ሳልለው ነው የማልፈው። ሜምኖንን የገደለው እሱ ነዋ! የኢትዮጵያውያን ንጉሥ፣ ትሮይን ሊረዳ ሄዶ በዚያው የቀረ። ይህን ለአክስቴ ልጅ ነገርኩት። ትንሽ አሰበ።

«ጋሻውን ከፍ ቢያደርግ ኖሮ» አለ።

ሠሪዎቹ ይህን ልጅ የት እንዳዩት አላውቅም፣ ግን ጌሙ ውስጥ አለ። ሂፕኖስ ይባላል፣ የእንቅልፍ አምላክ። የሚመጣውን ሟች በዝርዝር መመዝገብ ነው ሥራው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ያንቀላፋል። ከደም ገንዳው በወጣህ ቁጥር ምን እንደገደለህ አንብቦ ምክር ጣል ያደርጋል። ምክሩ «እንዳትሞት ሞክር» ከሚል ብዙ አይርቅም። ሦስት ራስ ያለው ሰርቤረስ የሚባል ውሻም አለ፤ የሚበላ ነገር ከሰጡት መንገድ ለቆ ያሳልፋል። እዚህ ግን ቆሎውም አልሠራም።

ደህና ነገርም አለ። «ጎድ ሞድ» የሚባለውን ስታበራው የሚደርስብህ ጉዳት በ20 በመቶ ይቀንሳል። በሞትክ ቁጥር 2 በመቶ ይጨምርልሃል፣ እስከ 80። ማንም አፉን አይከፍትም። ቆዳህ ብቻ ይወፍራል። ፎቶ ኮፒ ቤቱን የዘጋሁ ቀን ሁለት በመቶ የሰጠኝ ሰው የት ነበር?

ለማንኛውም፣ በ38ኛው ወጣሁ። የአፅሙን ዘንዶ አለፍኩ፣ ቴሲየስንና ሚኖታውሩን ጣልኩ። መጨረሻ ላይ አባትየው ራሱ በረዶ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። አንዴ ስትጥለው እንደገና ይነሳል። እጄ በላብ ርሶ ጆይስቲኩ ያንሸራትተኝ ነበር። ወደቀ።

ዛግሬየስ እናቱን አትክልት ቦታዋ ውስጥ አገኛት። እናቴ የቡና ረከቦቷን ትታ መጥታ ቆማለች። ትንሽ አወሩ። ግን ልጁ ከምድር በላይ መኖር አይችልም። ወሬያቸውን ሳይጨርሱ እዚያው ሞተ። ደም ገንዳ። ሂፕኖስ ከነዝርዝሩ።

የአክስቴ ልጅ ቆሎውን ዋጠና አፉን ከፈተ።

«ዝም በል አንተ!» አለችው እናቴ። «ልጁ እናቱን አይቶ ነው የመጣው።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ለመሆኑ ስልኳን ተቀበላት?»