ድረ ገጹ አንዴ ተሠርቷል ይሉኛል

ቱሉ ዲምቱ በሚገኝ አንድ ጠባብ ክፍል ተቀምጬ ለደብረ ብርሃን፣ ለደሴና ለሐዋሳ ደንበኞች ድረ ገጽ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ እንደ ሰሞኑ የመረረኝ ጊዜ የለም። ንድፉን በሁለት ሳምንት ጨርሼ፣ የሚሰፍርበትን ጽሑፍና ፎቶ ለማግኘት ግን ሦስት ወር እለምናለሁ፤ በመጨረሻ ሲላክልኝም ፎቶው በቴሌግራም ተጨምቆ የደበዘዘ፣ ጽሑፉም ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት የተተየበ ስለሚሆን፣ ድረ ገጹ ላይ ሲገባ ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ሆኖ ይወጣል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ይህን ያህል ዓመት አልፎም የአንድን ሆቴል ገለጻ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደገና ስተይብ ማደሬ ከልቤ ያሳዝነኛል፤ ለዚህ ድካም የሚከፍለኝም የለም።

የክፍያው ነገር ደግሞ ይብሳል። ድረ ገጾቹ የሚቀመጡበትን ኮምፒውተር (ሰርቨር) የምከራየው በዶላር ሲሆን፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ደንበኞቼ ግን የዓመቱን እድሳት በቀድሞው ዋጋ ይጠብቃሉ። «አንዴ ተሠርቷል፤ ደግሞ የምን ክፍያ ነው?» ይሉኛል። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ከተማቸው ስሄድ በክብር ነው የሚቀበሉኝ። ሆኖም ክፍያው ዘግይቶ ገጹ ሲዘጋ የምወቀሰው እኔ ነኝ። ዛሬም መብራት ጠፍቶ፣ በስልኬ ኢንተርኔት የአንድ ነጋዴ ገጽ ለመመለስ እየታገልኩ ሳለ፣ እሳቸው በየሩብ ሰዓቱ እየደወሉ ይቆጡኛል።