ለስንት ልጅ ተብሎ?

ሰሞኑን ደሴ ላይ ስለ ጤና አገልግሎት ውይይት ተደርጎ ነበር። አንድ ወጣት የፓቶሎጂ ሐኪም፣ ማለትም ከታማሚ የተወሰደ ናሙናን በማይክሮስኮፕ እያየ በሽታን የሚለይ ሐኪም፣ ተነሳና በልጆች ዕጢና በሳርኮማ (ከአጥንት፣ ከጡንቻና ከመሰሎቻቸው በሚነሳ ካንሰር) ላይ ጥናት መሥራት እንደሚፈልግ ተናገረ። የጠየቀው ብዙ አይደለም። ተመርምረው የተቀመጡ ናሙናዎች እንዳይጣሉበት፣ ለሥራው የተወሰነ ሰዓት እንዲሰጠው፣ ከተቻለም ለተጨማሪ ሥልጠና እንዲላክ ነው። ከመድረኩ የተሰጠው መልስ ቤቱን አሳቀ። ለስንት ልጅ ተብሎ ነው አንድ ስፔሻሊስት ዕድሜውን እንዲህ ባለ ብርቅ በሽታ ላይ የሚጨርሰው? እኛ አልጋ እንኳ የለንም። ጥናቱን ፈረንጆቹ ይሥሩት፤ ናሙናውን አዲስ አበባ እንልካለን። ነገሩ በዚህ ተዘጋ፤ ሰዉም ለሻይ ወጣ።

እኔ ሻዩ አልወረደልኝም።

ከ«ብርቅ» እንጀምር። ብርቅ ነው ያለው ማን ቆጥሮ ነው? ደላንታ ወይም ወግዲ ያለ አንድ ልጅ ጉልበቱ አጠገብ ያብጥበታል። መጀመሪያ ወጌሻ ያሸዋል። ቀጥሎ ጠበል ይወሰዳል፣ ወይም ዱዓ ይደረግለታል፤ ወሎ ነውና ሁለቱም ቢደረጉለት የሚገርመው የለም። ከዚያ የአጥንት ኢንፌክሽን ነው ይባልና አንቲባዮቲክ ይታዘዝለታል። ወራት ቆጥሮ ደሴ ሲደርስ እብጠቱ ከጭኑ ገዝፏል፤ ሳንባውም ውስጥ ገብቷል። ቤተሰቡ ያለችውን በሬ ሸጦ ጨርሷል። «በቃ አገሩ ይግባ» ይላል አባት። ልጁ ይቀበራል። ምን ገደለው? እብጠት። የት መዝገብ ላይ ሰፈረ? የትም። ከዚያ አንድ ትልቅ ሰው መድረክ ላይ ይወጡና መዝገቡ ላይ ስለሌለ ብርቅ ነው ይሉናል። ሳይቆጥሩ አነሰ ማለት ምን የሚሉት ሒሳብ ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 400,000 ያህል ልጆችና ታዳጊዎች በካንሰር እንደሚያዙ ይናገራል። ሀብታም አገር ከተወለዱት ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ። በብዙ ድሃ አገሮች የሚድኑት 30 በመቶ አይሞሉም። ድርጅቱ ለዚህ ልዩነት ከሚያነሳቸው ምክንያቶች መካከል በሽታው ጭራሽ አለመታወቁ፣ ሲታወቅም መዘግየቱ ወይም በስህተት ሌላ ነው መባሉ አሉበት። እነዚህን የሚፈታ ሰው የት ነው የሚቀመጠው? እዚያው የተሳቀበት ወጣት ሐኪም ወንበር ላይ።

የልጆች ዕጢ ተንኮለኛ ነው። ኒውሮብላስቶማ፣ ኢዊንግ ሳርኮማ፣ ሊምፎማ፣ ራብዶማዮሳርኮማ፣ ሁሉም በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ትናንሽ፣ ክብ፣ ሰማያዊ ሴሎች ሆነው ሊቀርቡ ይችላሉ። ላልለመደ ዓይን አንድ ናቸው። ሕክምናቸው ግን አንድ አይደለም። አንዱ በመድኃኒት ብቻ ይጠፋል፤ ሌላው ካልተቆረጠ አይለቅም። ዓይን ደግሞ በኮርስ አይገራም። ዓመት ይፈልጋል፤ ብዙ ስላይድ፣ ማለትም በመስታወት ላይ የተዘረጋ ስስ የናሙና ቁራጭ፣ ይፈልጋል።

ብሩስ ቤክዊዝ የሚባል አሜሪካዊ ፓቶሎጂስት ነበር። የሕይወቱን ትልቅ ክፍል በልጆች የኩላሊት ዕጢ ላይ ነው ያሳለፈው። ዊልምስ በሚባለው የኩላሊት ዕጢ ላይ አገር አቀፍ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1969 ሲጀመር ከየሆስፒታሉ የሚላኩትን ስላይዶች አንድ በአንድ አየ። በ1978 ከባልደረባው ከፓልመር ጋር ውጤቱን አሳተመ። 427 ልጆች ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ መጥፎ ገጽታ ያለው ዕጢ የተገኘባቸው 11.5 በመቶ ብቻ ናቸው። በዕጢው ከሞቱት ውስጥ ግን ግማሽ ያህሉ የእነዚህ የጥቂቶቹ ወገን ነበሩ።

ይህን ደግማችሁ አንብቡልኝ። ሁሉም ልጆች ፋይላቸው ላይ ያው አንድ በሽታ ተጽፎላቸዋል። ሞት ግን ጥቂቶቹን እየመረጠ ይወስዳል። ማን እንደሚመረጥ ያየው ኦፕራሲዮን ያደረገው ሐኪም አይደለም፤ መድኃኒት ያዘዘውም አይደለም። ስላይድ ላይ አጎንብሶ የሚውለው ሰው ነው። ከእነዚያ ዕጢዎች አንዳንዶቹ ጭራሽ ዊልምስ እንዳልሆኑም ታወቀ። አንዱ ዛሬ የኩላሊት ክሊር ሴል ሳርኮማ የሚባለው ነው፤ ሌላው ራብዶይድ ዕጢ ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙዎቹ ልጆች ሕክምናው ቀለለ። የማያስፈልጋቸው ጨረር ቀረላቸው። ለጥቂቶቹ ደግሞ ጠንከር ያለው መድኃኒት ተሰጠ። ዛሬ በሀብታም አገሮች ዊልምስ ከያዛቸው ልጆች ከአሥሩ ዘጠኙ ይድናሉ። ቤክዊዝንም ያኔ አንድ ሰው «ለስንት ልጅ ብለህ?» ብሎ ስቆበት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስንቱ ልጅ አፈር ውስጥ ነበር?

እሺ፣ እሱ ፈረንጅ ነው። «ጥናቱን ፈረንጆቹ ይሥሩት» ያሉን ሰው የሚጠብቁት ይህን መልስ እንደሆነ አውቃለሁ። እንግዲያው ካምፓላ እንሂድ።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኡጋንዳ ውስጥ መንጋጋቸው ያበጠ ልጆች ሙላጎ ሆስፒታል ይመጡ ነበር። ዴኒስ በርኪት የሚባል አይሪሽ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1957 አንዱን ልጅ አየ፤ ብዙም ሳይቆይ ሌላ አየ። በ1958 የመንጋጋ ሳርኮማ ነው ብሎ ጻፈ። ሳርኮማ አልነበረም። ይህንን ያወቁት እዚያው ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ፓቶሎጂስቶች ናቸው። ዴቪስ የካንሰር መዝገብ አቋቁሞ፣ ናሙናውን አስቀምጦ ቆይቷል። ኦኮነር የሚባለው መጣና የተቀመጠውን የልጆች ናሙና መልሶ ከለሰው። የመንጋጋው እብጠትና ሌላ ቦታ በሆድ፣ በኩላሊት፣ በእንቁላል ዕጢ የሚወጣው አንድ ነገር ሆኖ ተገኘ። ሊምፎማ ነው፤ የነጭ ደም ሴል ካንሰር። ጥርስ ሐኪሙ መንጋጋውን ብቻ፣ የሆድ ሐኪሙም ሆዱን ብቻ ነበር የሚያየው። ሁሉንም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያየው ፓቶሎጂስቱ ብቻ ነው።

ሊምፎማ መሆኑ መታወቁ ምን ጠቀመ? መንጋጋ መቁረጥ እንደማያድን ታወቀ። ዕጢው በመድኃኒት እንደሚቀልጥ ታየ፤ ካምፓላ ውስጥ ጥቂት ዙር ኬሞ ብቻ ወስደው የዳኑ ልጆች አሉ። ናሙናው ወደ ለንደን በአውሮፕላን ተላከና ኤፕስታይን፣ አቾንግና ባር በ1964 ውስጡ ቫይረስ አገኙ። በሰው ላይ ካንሰር ከማምጣት ጋር የተያያዘ የመጀመሪያው ቫይረስ ነው። በ1967 ደግሞ እዚያው ሙላጎ የሊምፎማ ሕክምና ማዕከል ተከፈተ፤ የዛሬው የኡጋንዳ ካንሰር ተቋም ከዚያ ነው የተነሳው። ልብ በሉ፣ መጀመሪያ ሕንፃ ተሠርቶ ኋላ ጥናት አልመጣም። ናሙና ማስቀመጥና መዝገብ መያዝ ቀደመ፤ አልጋው በዚያ ምክንያት መጣ። ኡጋንዳ ያኔ ሀብታም ነበረች እንዴ?

ስለ ብርቅነትም አንድ ልጨምር። ጨቅላ ሕፃናት ላይ የሚወጣ ፋይብሮሳርኮማ አለ። እውነትም ብርቅ ነው። አንዳንዴ እግር እስከማስቆረጥ ያደርሳል። ቫንኩቨር ያለው ፓቶሎጂስት ፖል ሶረንሰን ከባልደረቦቹ ጋር በዚህ ዕጢ ውስጥ ሁለት ጂኖች ተጣብቀው አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 አሳተሙት። በ2002 ያው ጥምረት አንድ ዓይነት የጡት ካንሰር ውስጥ ተገኘ። ቆይቶ የምራቅ ዕጢ ካንሰር ውስጥም ተገኘ። በ2018 የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ላሮትሬክቲኒብ የሚባለውን መድኃኒት ፈቀደ። ዕጢው የትም ይውጣ፣ ታማሚው ሕፃንም ይሁን አዛውንት፣ የዚህ ቤተሰብ ጂን ተጣብቆ ከተገኘ ይታዘዛል። መነሻው የጥቂት ጨቅላዎች እብጠት ነበር። ሃያ ዓመት ፈጀ። ሃያ ዓመት ሙሉ «ለስንት ልጅ?» ያላለ መሥሪያ ቤት ነበረ ማለት ነው።

«ፓቶሎጂስት የሬሳ ሐኪም ነው» የሚል ቀልድም ከኋላ ወንበር ሰምቻለሁ። ሲድኒ ፋርበር የቦስተን የልጆች ሆስፒታል ፓቶሎጂስት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 የልጆች ሉኪሚያ (የደም ካንሰር) በመድኃኒት ለጊዜውም ቢሆን ሊመለስ እንደሚችል ያሳየው እሱ ነው። ዛሬ ኬሞ የምትሉት ነገር ለልጆች የተከፈተው በዚህ የሬሳ ሐኪም እጅ ነው። ሳቁ።

አዲስ አበባ እንልካለን የሚለውስ? 400 ኪሎ ሜትር ነው። ማን እንደሚልከው እናውቃለን። አባትየው ነው፤ በፕላስተር የታሸገች ብልቃጥ ኪሱ ከትቶ ከመናኸሪያ የሚሳፈረው። ናሙናውን እንዳይበሰብስ የሚያቆየው ፎርማሊን ካነሰ ወይም ናሙናው በሌላ ፈሳሽ ከተነከረ መንገድ ላይ ይበላሻል፤ እዚያ ያለው ሐኪም ምንም ቢጎብዝ ከተበላሸ ሥጋ ምንም አያነብም። ደህና ደረሰ እንበል። ውጤቱ በወረቀት ይመጣል። ናሙናው ያለበት የሰም ብሎክ ግን እዚያው ይቀራል። ዕውቀቱም እዚያው ይቀራል። በሰም ተነክሮ በደንብ የተቀመጠ ናሙና ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል፤ ዛሬ ያልታወቀው ነገ በአዲስ ምርመራ ሊለይ ይችላል። ከደሴና ከወልዲያ በየዓመቱ የሚላኩት ናሙናዎች ተሰብስበው ቢታዩ ከቆላው ከሚሌ አፋፍ ከሚመጡት ልጆችና ከወረኢሉ ደጋ ከሚመጡት መካከል ልዩነት ይኖር ይሆን? የሚጠይቅ ሰው ከሌለ ማን ያውቃል። አዲስ አበባ የራሱ ሥራ ሞልቶታል፤ ስለ ወሎ ልጅ እንቅልፍ አጥቶ የሚጠይቅልን የለም።

አልጋ የለም፣ ውሃ ይቆራረጣል፣ መብራት ይጠፋል፣ በጦርነቱም ዕቃ ተዘርፏል። ይህ እውነት ነው፤ ማንም አይክደውም። ግን ይህ ወጣት አልጋ ቀማ እንዴ? መደርደሪያ ነው የጠየቀው። ለአዳራሽ ኪራይ፣ ለባነርና ለኮፍያ የሚወጣው ገንዘብ ሲነሳ ማንም አልጋ ትዝ አይለውም። ጥናት ሲባል ብቻ ሁሉም ስለ አልጋ ተቆርቋሪ ይሆናል። ደግሞስ ወሎ ለአንድ በሽታ ብሎ መሥራትን ከማን ሊማር ነው? ደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ስም ስንት ዘመን ከሥጋ ደዌ ሕክምና ጋር ኖረ? ያኔም ለስንት ሰው ተብሎ ነው ያለ አይጠፋም።

የምፈራው ሌላ ነገር ነው። ይህ ልጅ አንድ ዓመት ይጠብቃል፤ ሁለተኛውን ይጠብቃል። ከዚያ ሻንጣውን ያዘጋጃል። ከአምስት ዓመት በኋላ ስሙን ከአንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ላይ እናነበውና «የወሎ ልጅ» ብለን ፎቶውን ፌስቡክ ላይ እንቀባበላለን። በዚያ ቀን ያሳቁበት ሰውዬም ላይክ ያደርጋሉ።

ስለዚህ ጥያቄው በሚቀጥለው ስብሰባ እንደገና ይቅረብ። እምቢ የሚሉት ሰው ባለፉት አምስት ዓመታት ከደቡብና ከሰሜን ወሎ ስንት ልጅ በዕጢ እንደሞተ፣ በምን ዓይነት ዕጢ እንደሞተ በወረቀት ይዘው ይምጡ። ወረቀቱ ከሌላቸው የጠየቀውን የሚፈቅድ ደብዳቤ ይፈርሙለት፤ ወረቀቱን እሱ ያዘጋጅላቸዋል።