ዩራያ ሌቪ፦ ጅራፉን ከመርከብ ያስወረደው መኮንን

ስለ ጥንቱ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሲወራ ቶሎ የሚነሱት እነ ስቲቨን ዲኬተር ናቸው። መድፍ፣ ድል፣ የተቃጠለ የጠላት መርከብ። እኔ ግን ቅድሚያ የሚገባው ለዩራያ ሌቪ ነው እላለሁ። ትልቁን ትግል የታገለው ከገዛ ባሕር ኃይሉ ጋር ነውና።

ሌቪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1792 ፊላደልፊያ ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ገና በ10 ዓመቱ መርከብ ላይ ተላላኪ ሆነ። አሜሪካና እንግሊዝ በተዋጉበት በ1812ቱ ጦርነት እንግሊዞች ማረኩትና እንግሊዝ አገር ባለው ዳርትሙር እስር ቤት 16 ወር ያህል ቆየ። ከዚያ በኋላ ስድስት ጊዜ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀርቧል። ግልፍተኛ ነበር፤ በ1816 ለሽጉጥ ፍልሚያ የጠራውን መኮንን ገድሏል። ግን አይሁድ በመሆኑ ብዙ ተንቋል፣ ተሰድቧል። ይህን ሳይቆጥሩ “ጠበኛ ነበር” ብሎ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ነው።

በዚያ ዘመን ያጠፋ መርከበኛ ታስሮ፣ ጓደኞቹ እያዩ፣ ራቁት ጀርባው ይገረፋል። የጅራፉ ጫፍ ዘጠኝ ነው። ያለ ግርፋት ሥርዓት አይኖርም ይባል ነበር። ሌቪ የቫንዳሊያ መርከብ አዛዥ ሲሆን ይህን አልቀበልም አለ። አንድ ልጅ በአንድ መኮንን ላይ አሾፈ። ሌቪ በግርፋት ፋንታ ሱሪውን ዝቅ አስደርጎ መቀመጫው ላይ ትንሽ ቅጥራንና የበቀቀን ላባ አስለጠፈበት። ይህም ማዋረድ ነው፤ አልክድም። ግን የልጁ ጀርባ አልተተለተለም። በ1842 ፍርድ ቤቱ ለዚህ ድርጊት ከባሕር ኃይሉ እንዲባረር ፈረደበት! የስንቱን ጀርባ ያስገረፉ ካፒቴኖች በማዕረጋቸው ተቀምጠው ማለት ነው። ደግነቱ ፕሬዚዳንት ታይለር ቅጣቱን ወደ እገዳ ዝቅ አደረጉለት።

እሱም ዝም አላለም። ግርፋት ይቅር ብሎ መጻፉንና መወትወቱን ቀጠለ። ኮንግረስ ውስጥ ሴናተር ጆን ሄል ተሟገቱ። በ1850 ግርፋት በሕግ ቀረ። በ1855 ሌቪን ከሥራ ቢያሰናብቱትም ተከራክሮ ተመለሰ፤ በ1862 ከመሞቱ በፊትም ኮሞዶር የሚባለውን ከፍተኛ የባሕር ኃይል ማዕረግ አገኘ።

አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር ግን አለ። ሌቪ የቀድሞውን ፕሬዚዳንት የቶማስ ጄፈርሰንን ቤት ሞንቲቼሎን ገዝቶ ከመፍረስ አድኗል፤ ለዚህም ይመሰገናል። በዚያው ርስት ላይ ግን ባሪያዎች ነበሩት። ለመርከበኛ ጀርባ እንዲያ የተሟገተ ሰው፣ ደጁ ላይ ላሉት ሰዎች ነፃነት አልሰጠም። ታሪኩን የሚጽፉ ሰዎች ይህን በግርጌ ማስታወሻ ሲያልፉት አይዋጥልኝም።